አባቴ «ተቀበለኝ» ያሉኝ ቀን

እኛ ግቢ ተቀምጣችሁ ጣሪያ ላይ ጠጠር ሲወድቅ ብትሰሙ አትደንግጡ፤ አባቴ እየጠሩኝ ነው። ከሚሴ ውስጥ ልጁን በጠጠር የሚጠራ ሌላ አባት ይኑር አይኑር አላውቅም። የእኔ አባት ግን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የጠሩኝ በጠጠር ነው። እኔ ጓሮ ባለችው ክፍሌ ተዘግቼ ገመድ ስቀጥልና ድምፅ ስቀዳ፣ እሳቸው ከዋናው ቤት ደጃፍ ቆመው ጠጠር ያነሱና ወደ ቆርቆሮው ይወረውራሉ። አንድ ጠጠር ሶላት ደርሷል ማለት ነው። ሁለት ከሆነ ምሳ ቀርቧል፤ ሦስት ከሆነ ደግሞ እንግዳ መጥቷል። በሩን አንኳኩተው አያውቁም፤ ደፉንም ረግጠው አያውቁም ነበር።

ምክንያቱ ኦርጋኑ ነበር። እሱን ከመንገሬ በፊት ግን አባቴን ላስተዋውቃችሁ። ሼህ እንድሪስ ይባላሉ። ከከሚሴ እስከ ጨፋ ሮቢት መንዙማ የሚባልበት ቤት ሁሉ ያውቃቸዋል። መንዙማ ላይ ተቀምጦ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ፤ አውጪው ስንኙን ይላል፣ የተቀመጠው ሰው ደግሞ እያጨበጨበ አዝማቹን ይመልሳል። የሚመልሰው ሰው «ተቀባይ» ይባላል። አውጪው ቤቱ የቀዘቀዘ ሲመስለው ወይም ትንፋሽ መሰብሰብ ሲፈልግ «ተቀበሉ» ይላል። እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የአባቴ የቅርብ ተቀባይ ነበርኩ። በቀኛቸው እቀመጣለሁ፤ ሲደክማቸው ጉልበቴን ነካ ያደርጉና በለሆሳስ «ተቀበለኝ» ይሉኛል። እቀበላቸዋለሁ። ያን ጊዜ በዓለም ላይ ከእኔ የሚበልጥ ባለሥልጣን ያለ አይመስለኝም ነበር።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የሰርግ ባንድ ገባሁ። በዚያው ዓመት ከአንድ የድሮ የኪነት ቡድን መጋዘን ሊጣል የነበረ የኤሌክትሪክ ኦርጋን አገኘሁና በፈረስ ጋሪ ጭኜ ወደ ቤት መጣሁ። ኦርጋኑ ቫርኒሹ የተላላጠ ረጅም የእንጨት ሣጥን ነው፤ ክዳኑ ሲዘጋ ቁልፎቹ አይታዩም። አቧራ እንዳይገባበት ነጭ ጨርቅ አልብሼዋለሁ። ጋሪው ሰፈራችን ሲገባ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። እኛ ሰፈር ሙስሊም በሣጥን አይቀበርም፤ ስለዚህ አንድ ክርስቲያን ጎረቤት ሞቷል ተባለ። ማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን አልተገኘም። ሁለት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ከጋሪው ኋላ ተከተሉ። እናቴ ሻሿን እያስተካከለች ለለቅሶ ወጣች። ሣጥኑ የገዛ በራችን ላይ ሲቆም ነው ጉዱ የታወቀው። አባቴ ወጥተው ጨርቁን ገለጡት፤ ክዳኑን ከፍ አደረጉና የተደረደሩትን ነጭና ጥቁር ቁልፎች ለረጅም ጊዜ አዩአቸው።

«ይኼ ሬሳ ጥርስ አለው» አሉና ወደ ቤት ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኦርጋኑ ስም «ሬሳው» ሆኖ ቀረ። አባቴ አልተቆጡኝም፤ ከቤት ውጣም አላሉኝም። ሰው ስለ እኔ ሲጠይቃቸው «ልጄ ሬሳ ያስነሣል» እያሉ ይስቃሉ። ብቻ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን በቀኛቸው እንድቀመጥ አልጠሩኝም። እኔም ኩራቴ አልለቅ ብሎኝ ሳልጠራ አልቀመጥም አልኩ። እንዲህ እየተሳሳቅን፣ አንድ ግቢ እየኖርን፣ አሥራ አምስት ዓመት ሄደ።

በነዚያ ዓመታት ክፍሌ ስቱዲዮ የምትባል ሆነች። ግድግዳዋን በእንቁላል ካርቶን ለበጥኩት። ከፈረሱ ባንዶች የተረፈ ዕቃ በሰማሁበት እየሄድኩ ሰበሰብኩ፤ አንድ አሮጌ ጊታር፣ ሁለት የጊታር አምፕሊፋየር፣ የተበጣጠሰ ገመድ በዘንቢል። ከአምፕሊፋየሮቹ አንዱ ውስጡ እንደ አልጋ ሞላ ያለ ረጅም ሽቦ ተዘርግቶበታል፤ የገባበት ድምፅ በዚያ ሽቦ ውስጥ ሲርገበገብ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የተባለ ይመስላል። ኦርጋኑን የማሰማው በእሱ በኩል ነው። ኦርጋኑ ደግሞ አመል አለው። ከተከፈተ በኋላ ካልሞቀ በቀር ድምፁ ይዋዥቃል፤ ስለዚህ ጧት ተነሥቼ ፊቴን ሳልታጠብ እሱን እከፍታለሁ። ባለቤቴ ዘሀራ «ከእኔ ቀድመህ እሱን ነው ደህና አደርክ የምትለው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እነዚህን አሮጌ ዕቃዎች እወዳቸዋለሁ። ያጉረመርማሉ፣ ይሞቃሉ፣ ያስነጥሳሉ፤ አዲሱ ዕቃ እንደዚህ አይደለም።

ባለፈው ዓመት የአባቴ ድምፅ መሻከር ጀመረ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ። አራት ወር ሲሆነው ደሴ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ የድምፅ አውታራቸው ላይ ትንሽ እባጭ አገኘና ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል አለ። ቀኑ ሐሙስ ሆነ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ አልዋሸንም። ሕመሙ እንደሚድን፣ ድምፃቸው ግን እንደ ድሮው ላይመለስ እንደሚችል ነገረን። እስከዚያው ድምፃቸውን እንዲቆጥቡ አዘዛቸው። አባቴ ወደ ከሚሴ ስንመለስ መንገዱን ሁሉ በመስኮት እያዩ መጡ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ አንድ የሰርግ ዘፈን ሳስተካክል በሩ ተንኳኳ። ዘሀራ መሰለችኝና ሳልዞር ግቢ አልኩ። በሩ ተከፈተ፤ የገባ ግን የለም። ዞር ስል አባቴ ደፉ ላይ ቆመዋል። ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘውታል።

«አሰላሙ ዓለይኩም። ሬሳህ ደህና ነው?» አሉኝ በዚያ በተሻከረ ድምፅ።

ወንበር ላይ የተከመረውን ገመድ በአንድ ክንዴ ጠርጌ አስቀመጥኳቸው። ቤቱን በዓይናቸው ዞሩት፤ የእንቁላል ካርቶኑን አይተው «ይኼን ሁሉ እንቁላል ማን በላው?» አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና የመጡበትን ነገሩኝ። ሐሙስ የሚሆነውን አላህ ነው የሚያውቀው፤ ከሐሙስ በፊት ድምፃቸውን እንዳስቀምጥላቸው ይፈልጋሉ። ብዙ አይደለም፤ የቦርከናዋን መንዙማ ብቻ።

የቦርከናዋ መንዙማ የራሳቸው ናት። እኔ በተወለድኩ ቀን ጨፋ ሮቢት ገበያ ውለው ሲመለሱ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ጠበቃቸው። ሰው ሁሉ ዳር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ እሳቸው እናቴን እያሰቡ ገቡበት። ነቢን እየጠሩ ተሻገሩ፤ ቤት ሲደርሱ እኔ ተወልጃለሁ። በዚያው ሳምንት መንዙማዋን አወጡ። አሥራ አራት ስንኝ ናት፤ ተጽፋ አታውቅም፤ ሙሉዋን የሚያውቅ ከእሳቸው በቀር የለም። የምትጀምረው እንዲህ ነው፦

ቦርከና ሞላ ብሎ ሰው ሁሉ ሲፈራ፣
እኔ ተሻገርኩት ስምህን ስጠራ።

ተቀባዩ ደግሞ ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት አድርጎ እያጨበጨበ ይመልሳል፦

ሰላም በሉልኝ፣ ለመዲናው ብርሃን።

«ሙዚቃ የለበትም» አሉኝ አባቴ። «ሬሳው ዝም ይበል። ሁለት ጊዜ ብሞክር ነው፤ ከዚያ በላይ አቅም የለኝም።»

እንግዲህ ስሕተቴን ልናገር። አሁን ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል። እኔ ያን ጊዜ ራሴን እንደ ትልቅ ባለሙያ ነው የማየው። ባለሙያ ደግሞ ድምፅ የሚቀዳው ሌላ ድምፅ በሌለበት ነው። ክፍሌ ጥግ ላይ የድሮ የእህል ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ጓዳ አለች፤ በብርድ ልብስ ለብጬ፣ ትንሽ መስተዋት አስገብቼ የድምፃውያን መቅጃ አድርጌያታለሁ። አባቴን እዚያ አስገባኋቸው። ማዳመጫ ከኮፍያቸው በላይ አጠለቅኩላቸው። ማይኩን አፋቸው ጋ አቀረብኩና በሩን ዘጋሁባቸው። ስልሳ ዓመት ሙሉ በሰው መሀል ተቀምጠው ያዜሙትን ሰው ብቻቸውን ቆለፍኩባቸው።

ጀመሩ። ድምፃቸው ይቆራረጣል፤ ቢሆንም ያው እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን ስንኝ ብለው ቆም አሉ። ሁለተኛውን ብለው ቆም አሉ። ሦስተኛው ላይ ተደናቀፉና በመስተዋቱ አዩኝ።

«ተቀበለኝ» አሉ።

እኔ ዓይኔ ያለው ድምፁን በምቀዳበት ላፕቶፕ ላይ ነው። አረንጓዴዋ መስመር ከፍ ዝቅ ትላለች። የመነጋገሪያዋን ቁልፍ ተጫንኩና «እየተቀበለ ነው አባ፣ ይቀጥሉ» አልኳቸው።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ወደ ቀኝ ሄዶ የጓዳዋን ግድግዳ ነካ።

«ተቀበለኝ፣ ሰይዶ።»

«በደንብ ይቀበላል አባ። ማሽኑ ጥሩ ነው፣ አይጨነቁ።»

ማዳመጫውን አወለቁ። ቀስ ብለው ማይኩ ላይ አንጠለጠሉትና በሩን ገፍተው ወጡ። ደከመዎት ወይ አልኳቸው። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። «ለካ ጊዜው ሄዷል» አሉና ጫማቸውን አንሥተው ወጡ። እኔ ዕቃው አስጨንቋቸው ነው ብዬ አሰብኩ። ሙቀቱ ይሆናል፣ ጠባብነቱ ይሆናል አልኩ። ያሉኝን ቃል ግን አልሰማሁም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጠራበት የኖርኩትን ቃል።

ከሰዓት በኋላ የተቀዳውን ላድን ተቀመጥኩ። በእጄ ያለው ሦስት ስንኝ የሚሆን የተቆራረጠ ድምፅ ነው። ባለሞላውን አምፕሊፋየር ከፈትኩና የአባቴን ድምፅ በእሱ በኩል አሰማሁት፤ ትልቅ መስጊድ ውስጥ ያሉ እንዲመስል ነው። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው መሰለ። ቀነስኩት፣ ጨመርኩት፣ የአምፕሊፋየሩን ማዞሪያ ሁሉ አዟዟርኩት። በዚህ መሀል አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ አባቴ በየስንኙ መጨረሻ ዝም የሚሉበት ጊዜ እኩል ነው። ሲደክማቸው መስሎኝ ነበር፤ ድካም ግን እንዲህ ተለክቶ አይመጣም።

እናቴ ምሳ ሳልበላ መቅረቴን አይታ ሳህን ይዛ በጓሮ በኩል ትመጣ ነበር። የአባቴ ድምፅ ከአምፕሊፋየሩ ሲወጣ ሰማች። ስንኙ አለቀ፤ ዝምታው መጣ። ያን ጊዜ እናቴ እዚያው ደጃፍ ላይ ሳህኑን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው ጭኗን ሁለቴ ፈጠን አንዴ ዘግየት አድርጋ እየመታች፣ ሰላም በሉልኝ ለመዲናው ብርሃን አለች። ልክ ስትጨርስ የአባቴ ቀጣይ ስንኝ ገባ። ዝምታው ለእሷ የተሰፋ ልብስ ይመስል ገጠመ።

ከዚያ ድምፁ «ተቀበለኝ» አለ። ተከትሎም የእኔ የሞኝ ድምፅ «እየተቀበለ ነው አባ» አለ።

እናቴ ሳህኑን አስቀመጠች። «አባትህ ተቀበለኝ እያሉህ ነው እኮ» አለችኝ። «ይኼን ሁሉ ማሽን ሰብስበህ እንዲህ ጆሮህ ይደንቁር?»

አልቅሻለሁ። ለመደበቅ አልሞክርም። እናቴ ምሳዬን እንድበላ ነግራኝ ሄደች።

ወደ ደሴ የምንሄድበት መኪና ረቡዕ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነው። ረቡዕ ጧት እንደ ልማዴ ኦርጋኑን ከፈትኩ፤ እጄ ሳላስበው ነው የሚከፍተው። ከዚያ የጓዳዋን በር ከነማጠፊያው ነቀልኩት። ጠረጴዛውን ወደ ጥግ ገፋሁ፤ መሬቱ ላይ ምንጣፍ ዘረጋሁና ማይኩን መሀል ላይ አቆምኩ። ዘሀራ ምን ልታደርግ ነው ሳትለኝ ድቤዋን ከሳሎን ይዛ መጣች። የሰፈሩ ሴቶች መንዙማ ላይ ድቤ የምትመታው እሷ ናት።

አባቴ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አልኩ።

«አባ፣ ትናንት አልሰማሁዎትም» አልኳቸው። «ዛሬ እቀበልዎታለሁ።»

ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ እንደሞከሩት፣ ነፋስ ብቻ እንደሚወጣ በሹክሹክታ ነገሩኝ። ቀጥለው አዝማቹን አስታውሰው እንደሆነ ጠየቁኝ። አልረሳሁትም አልኳቸው። ክንዴን ይዘው ተነሡና «ኮቱ» አሉኝ፤ ና ማለታቸው ነው። በልጅነቴ ወደ መንዙማ ቤት ሊወስዱኝ ሲሉ የሚጠሩኝ በዚህች የኦሮምኛ ቃል ነበር።

ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። እናቴ በግራቸው ሆነች፤ ዘሀራ ድቤዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊት ለፊት። እኔ ላፕቶፑን አስጀምሬ መጣሁና በቀኛቸው ተቀመጥኩ። አባቴ ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። የጀመሩት ሁልጊዜ ከሚጀምሩበት ከፍታ ነው። ሁለተኛው ቃል ላይ ድምፃቸው ተሰነጠቀና ጠፋ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ጠፋ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እናቴ ምንጣፉን እያየች ነው። መኪናው የሚመጣበት ሰዓትም እየቀረበ ነው።

በዚያ ዝምታ ውስጥ አምፕሊፋየሩ ሲያጉረመርም ተሰማ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ አባቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ኦርጋኑ ነው አልኳቸው፤ ጧት ከፍቼው ረስቼ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ብዬ ላጠፋው ተነሣሁ። «ተወው» አሉኝ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ከዚያ አፋቸውን ሳይከፍቱ አብረውት አጉረመረሙ። ሻካራ ነው፤ ግን አልተሰነጠቀም። አንዱን ቁልፍ እንድነካላቸው በእጃቸው አሳዩኝ። ነካሁ። ዝቅ አድርግ አሉኝ፤ ዝቅ አደረግኩ። ከሱም ዝቅ። ቁልፎቹን እየቆጠርኩ በጣም ወፍራሙ ድምፅ አጠገብ ስደርስ አባቴ አብረው ገቡበት። ድምፃቸው እዚያ ላይ ወንበር እንዳገኘ ሰው ተቀመጠ።

«እዚህ ጋ» አሉ። «አሁን እዚህ ጋ ነው ያለሁት።»

«ሙዚቃ የለበትም ብለውኝ ነበር፣ አባ።»

«ይኼ ሙዚቃ አይደለም፤ ተቀባይ ነው። ዝም ብሎ ይያዝልኝ እንጂ እንዳይዘፍን። ትንፋሽ አይጨርስም እንዴ ይኼ ሬሳ?»

ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ አይጨርስም አልኳቸው። አንድ ችግር ግን ቀረ። ቁልፉን እኔ ከያዝኩት በቀኛቸው የሚቀመጥ የለም። ዘወር ስል መስኮቱ ደፍ ላይ ያለችው ጣሳ ታየችኝ። ከጣሪያ እየተንከባለሉ በራፌ ላይ የሚወድቁትን ጠጠሮች ለምን እንደማጠራቅም አላውቅም፤ እየለቀምኩ እዚያ ጣሳ ውስጥ እጥላለሁ። አንዷን መረጥኩ። ቁልፉን ተጫንኩና በእሱና በጎኑ ባለው መሀል ሸጎጥኳት። ቁልፉ እንደተጫነ ቀረ፤ ድምፁም ሳይቋረጥ ቀጠለ።

«የማን ጠጠር ናት?» አሉ አባቴ።

«የእርስዎ ናት።»

ሳቁ። ሳቁና ሳል አስከተለባቸው፤ እናቴ ውሃ ሰጠቻቸው። እኔ ወደ ቦታዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ጀመሩ። ቦርከና ሞላ ብሎ ሰው ሁሉ ሲፈራ። እንዲህ ባለ ወፍራም ድምፅ ሲያዜሙ ሰምቻቸው አላውቅም። ድሮ ድምፃቸው ከላይ ነበር የሚመጣው፤ አሁን ከመሬት የሚወጣ ይመስላል። ስንኙ ሲያልቅ ተቀበልን፤ እናቴ፣ ዘሀራና እኔ፤ ከሥራችን ደግሞ ኦርጋኑ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው አለፈ። የረሳሁት የመሰለኝ ሁሉ እጄ ውስጥ ነበር። ሰባተኛው ስንኝ በኦሮምኛ ነው፤ ያ ረቢ ኑ ገርጋሪ፣ ጌታ ሆይ እርዳን ይላል። እዚያ ላይ የእናቴ ድምፅ ተንቀጠቀጠ።

ዘጠነኛው ስንኝ መሀል ላይ መብራት ሄደ።

ኦርጋኑ ቁልቁል ዘቀጠና ዝም አለ። የአምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራል፤ ማይኩም ከእሱ ነው ኃይል የሚያገኘው፤ መቅዳቱ አልቆመም። የአባቴ ድምፅ ግን ከሥሩ መሬቱ ተነጠቀ። ቃሉ አፋቸው ላይ ቆመ። ዓይናቸውን ገለጡ። ቀኝ እጃቸው መጣና ጉልበቴን ነካ።

«ተቀበለኝ» አሉኝ በሹክሹክታ።

ተቀበልኳቸው። ኦርጋኑ የያዘውን ያን ወፍራም ድምፅ በደረቴ ያዝኩት፤ እናቴና ዘሀራ አዝማቹን ከላይ አደረጉት። አባቴ ጉልበቴን ሳይለቁ አሥረኛውን ጀመሩ። ትንፋሼ ሊያልቅ ሲል እናቴ ትይዝልኛለች፤ የእሷ ሲያልቅ እኔ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ከአባቴ የሚወጣው ግማሹ ነፋስ ነበር። አሥራ አራተኛውን ከንፈራቸው ብቻ ነው ያለው ማለት ይቻላል። ግን አሉት። በመጨረሻ አዝማቹን እኛ ሦስታችን መለስን፤ ድቤዋ ሁለቴ ፈጠን አንዴ ዘግየት አለችና ቆመች።

ወደ ላፕቶፑ በጉልበቴ ሄድኩ። የተቀዳውን አስቀመጥኩት፤ ደግሜ አየሁት፤ አለ። ስዞር አባቴ ኦርጋኑን እያዩ ነው።

«ሬሳህ ትንፋሽ አጠረው» አሉኝ።

ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ፤ አልሐምዱሊላህ ሕመሙ የለም። ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። አሁን በሹክሹክታ ነው የሚናገሩት። ሰንበቴ ገበያ ለመጣ ዘመድ እንኳ ሰላምታ ሲሰጡ ሰውየው ጆሮውን ማቅረብ አለበት። የቦርከናዋን መንዙማ ብዙ ሰው ከእኔ ወስዷል። አንዳንዱ መሀል ላይ ኦርጋኑ የሚዘቅጥበትንና ያቺን ሹክሹክታ አጥራልን ይለኛል። እሱን አላጠራም። የማክሰኞውንም ቅጂ አላጠፋሁትም። አንድ የሚዘፍን ሰው ሲያናድደኝና ከእሱ የበለጠ የማውቅ ሲመስለኝ፣ «እየተቀበለ ነው አባ፣ ይቀጥሉ» የሚለውን የገዛ ድምፄን ከፍቼ እሰማዋለሁ። ወዲያው ሰው እሆናለሁ።

ጓዳዋን እንደገና በር አልገጠምኩላትም። ክፍሌ ሊቀዳ የሚመጣውን ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ተቀባይህ ማን ነው ብዬ ነው። የለኝም ካለ እኔ በቀኙ እቀመጣለሁ። እናንተም አንባቢዎቼ፣ የቅርብ ሰው ያላችሁ ሁሉ፣ ምናልባት በዚህ ሳምንት አንዱ «ተቀበለኝ» ብሏችሁ ይሆናል። በዚህ ቃል ላይሆን ይችላል። እኔ አሥራ አምስት ዓመት የጠበቅኩትን ቃል መስተዋት ሳይቀር እያሳየኝ አልፌዋለሁና፣ እናንተ ቀና በሉ፤ የሚናገራችሁን ሰው ፊት እዩ።

ከደሴ በተመለስን በሦስተኛው ቀን አባቴ ገና ሹክሹክታም አልተፈቀደላቸውም ነበር። እኔ ክፍሌ ነኝ፤ ኦርጋኑ ሞቋል። ጣሪያው ላይ ጠጠር ወደቀ። ሁለተኛ ወደቀ፤ ቆይቶ ሦስተኛ። ሦስት፤ እንግዳ መጥቷል ብዬ ተነሣሁ። በሩ ጋ ሳልደርስ እንደገና ጀመረ። ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት።

ወጥቼ አላየኋቸውም። መስኮቱን ከፈትኩ፤ ተመልሼ ያን ወፍራም ቁልፍ ተጫንኩና አዝማቹን ተቀበልኩ። ስጨርስ ዝም አልኩ። ጣሪያው ላይ የሚቀጥለው ጠጠር ወደቀ።